ወገባችን በሲባጎ ሲለካ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለማስተዛዘን ነው፤ ታዲያ ውፍረት ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። የሚያገባን ይመስለናል። «ትናንት ደኅና ነበር እኮ!» ለሚባልለት ሰው ድንኳን የምንተክለው እኛው ነን። ትናንት ደኅና ነበር ከተባለው ብዙው ደኅና አልነበረም፤ አልተለካም እንጂ።

በእኛ ዘንድ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት ሆኖ ቆይቷል። ረኃብን ባየ አገር ይኸ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ይልቅ ሆድ ዕቃን የከበበው ይከፋል። ይኸ ስብ ጉበትን ይወርና ስኳርን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ኃይሉ እንዲደክም ያደርጋል። ቆሽት አብዝቶ ለማመንጨት ይታገላል፤ ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ግፊቱም አብሮ ይወጣል።

ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚሉት ይኸንኑ ነው። የወገብ መስፋት፣ 130 በ85 የደረሰ ወይም ያለፈ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ ተለክቶ 100 የደረሰ ወይም ያለፈ ስኳር፣ በደም ውስጥ የበዛ ስብና ያነሰ ጥሩ ኮሌስትሮል፤ ከእነዚህ ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገኙ ማለት ነው። ክፋታቸው አለማመማቸው ነው። ልብና አንጎል ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሰው በሰላም ይውላል፣ ያድራል።

መለኪያው ግን ቀላል ነው። ሲባጎ ከአናት እስከ ተረከዝ ይለካና ይቆረጣል፤ ለሁለት ታጥፎ በእምብርት አካባቢ ወገብን ይዞራል። አልገጥም ካለ ወገባችሁ ከቁመታችሁ እኩሌታ በልጧልና ጤና ጣቢያ ሂዱ። እጅ እግራቸው ቀጭን ሆኖ ሆዳቸው ብቻ የገፋም አይዘናጉ። እርጉዞችን አይመለከትም። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆችም ይሠራል።

ስለ ልጆች ካነሣን፣ «ሲያድግ ይከሳል» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ አይሆንም። ወፍራም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ጎልማሳ ይሆናል፤ ድሮ የትልልቅ ሰዎች ይባል የነበረው የስኳር በሽታም ዛሬ በልጆች ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ልጁን ማስራብ ወይም በሰው ፊት «ድቡልቡል» እያሉ ማሳፈር አይደለም። መጫወቻ ሜዳና ከቴሌቪዥን ፊት መነሣት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ሴቶች ከመቶ 21ዱ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር፤ በገጠር 4ቱ ብቻ። የገጠሯ እናት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ ነው። ያ ድካም ይመለስ አንልም፤ ሁለት ፌርማታ በእግር መሄድ ግን አይገድልም። (በጾም ቀን ዘይት የጠጣ ፓስቲ የምንበላውንም ጾም ይቁጠረው!)

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ነበር የሚቀርበው፤ ስንዴና ባቄላ። ዛሬ ለስላሳ በሣጥን ይገባል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ግድም ነው። ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ስንቱን ይጠጣል? ስለዚህ በዕድሩ ገንዘብ ለስላሳ መግዛት ቀርቶ ንፍሮና ውኃ እንዲሆን ሐሳባችንን ለጉባዔው ድምፅ አቅርበናል። ንፉግ አትበሉን፤ የሚተርፈው ገንዘብ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛል።

ሲባጎውን የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ይዘው መጥተዋል። ከስብሰባው በኋላ እንለካካለን፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ።