ስለ ሕፃናት የዓይን ነቀርሳ የተሰጠ ንግግር

የሰው አካል ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ረቂቃን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋስም ለሁለት እየተከፈለ ይበዛል፤ መቼ እንዲከፈል፥ መቼም እንዲያቆም የሚያዝዘው ሥርዓት በውስጡ ባለው ዘረ መል እንደ ጽሑፍ ይገኛል። ሕዋሱ በተከፈለ ቍጥር ይህ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ጸሓፊም መጽሐፍ ሲገለብጥ ፊደል እንደሚስት፥ በዚህም ስሕተት ይገባል።

መከፈልን የሚከለክለው ትእዛዝ ከአባት አንድ፥ ከእናት አንድ ይወረሳል። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሲበላሹ ግን ሕዋሱ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ያለ ልክ ይበዛል፥ እባጭም ይሆናል። አልፍሬድ ኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ሬቲኖብላስቶማ የሚባለውን የሕፃናት ዓይን ነቀርሳ መርምሮ፥ ደዌው ከሁለት ስሕተት እንደሚነሣ ገለጠ።

ይህ ደዌ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ነው። ምልክቱም በዓይን ብሌን ውስጥ የሚያበራ ንጣት፥ ወይም የዓይን መንሸዋረር ነው። «ቡዳ በላው፤ የእናቱ ኀጢአት ነው» እያሉ መዘግየት ሕፃኑን ለሞት ይሰጣል፤ ፈጥኖ የታከመ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ምልክቱን ያየ ሁሉ ወላጆቹን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይምራ፤ ስሕተቱ አንዳንድ ጊዜ በዘር ይወረሳልና ወንድሞቹና እኅቶቹም ይመርመሩ።