የደጃችን ውሻና የአቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮ



ስለ ቀይ ቀበሮ እንድናገር ተጋብዣለሁ፤ ንግግሬ ግን በአብዛኛው ስለ ውሻ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ከላሊበላ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በጓሳውና በጅባራው መካከል ጥቂት ቤተሰቦች ይኖራሉ። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የዘር ምርመራ ከተኩላ ወገን መሆኑን አሳይቷል። ለውሻም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ዝምድና ነው። የውሻው በሽታ የእርሱም በሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁ ውሻችን አበደ። አባቴ ለሐጩን እንዳንነካ አስጠንቅቆ፣ ከደጅ አርቆ ገደለው። እኛ ስለ ራሳችን ፈራን። ውሻው ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀናት የዋለው በጎቹን ተከትሎ ጓሳው ውስጥ ነበር። እዚያ ማንን እንደነከሰ የጠየቀ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ፣ በወብ ሸለቆ የተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። የአቡነ ዮሴፍን ያህል ጥቂት በሆነ ወገን ላይ ቢወርድ ምን እንደሚተርፍ አስቡት።

«ታዲያ ገበሬው ውሻ አይያዝ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጅብ በሚያንዣብብበት በረት አጠገብ አድረው የሚያውቁ አይመስለኝም። የላስታ ውሻ ጌጥ አይደለም፤ የሌሊት ዘበኛ ነው። ቀይ ቀበሮው አልፎ አልፎ ጠቦት ቢወስድም፣ ቀን ቀን ለብቻው እየዞረ የሚያድነው በዋናነት አይጥ ነው። ስለዚህ ከገበሬው ጋር ያለው ጠብ ትንሽ ነው፤ ከውሻው ጋር ያለው ንክኪ ግን የዕለት ተዕለት ነው።

መፍትሔው ክትባት ነው፤ ችግሩ አንድ ጊዜ ከትቦ መሄዱ ነው። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ በየዓመቱ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚዋጥ ክትባት መሰጠት ተጀምሯል። ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የውሻውን ክትባት አይተካም።

ተማሪዎቼ፣ ለመስክ ሥራ ወደ ላስታ ስትወጡ የቀበሮ ጉድጓድ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት፣ በየቤቱ ዘንድሮ ስንት ቡችላ እንደተወለደ ጠይቃችሁ መዝግቡልኝ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።