የደላንታ ኦፓል፤ መለየቱና መተመኑ

(በኮምቦልቻ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ከበረ ድንጋይ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው ውበቱ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሚዛኑ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተገኘው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ድንጋዩ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተነባበረው የእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል፣ ውፍረቱ ከ1 ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቆፋሪው በገደሉ ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈለ፣ ናዳ እያንዣበበበት ያወጣዋል።

ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ኅብረ ቀለሙ የሚመነጨው በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ብርሃንን ከፋፍለው ስለሚመልሱ ነው። የደላንታው ልዩ ጠባይ ውሃ መምጠጡ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ኅብረ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ከሁሉ ይልቅ ውሃ መጣጭ የሆነው ናሙና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ክብደቱ 10 በመቶ ያህል ጨምሯል።

እስቲ እናስላው። 1 ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ፣ 100 ግራም ደረቅ ድንጋይ 500 ካራት ነው። ያን ያህል ውሃ ከጠጣ 550 ካራት ይመዝናል። ገዢው ለ50 ካራት ውሃ ከፈለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ በሚቀጥለው ደረቁንም በጥርጣሬ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዕዳውም ዞሮ ዞሮ በቆፋሪው ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀለም ነው። ውሃ ያስገባው ቀዳዳ ማቅለሚያንና ጭስንም ያስገባል። ደማቅ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ድንጋይ ሲቀርብ ስንጥቆቹን በአጉሊ መነጽር መመርመር ይገባል፤ ማቅለሚያ በዚያ ተጠራቅሞ ሊታይ ይችላልና። ጥቁሩን ግን በጥቁረቱ ብቻ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በሰሜን ወሎ እስታይሽ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓል ተገኝቷል።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ማንኛውም ድንጋይ ከመተመኑ በፊት ደርቆ ይመዘን፤ የኅብረ ቀለሙ ድምቀት፣ ስንጥቁና የወጣበት ቦታ ተመርምሮ በጽሑፍ ይያዝ፤ የተነከረ ወይም የታጠነ ከሆነም በግልጽ ይነገር። ለዚህ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ነው። እኛ የምህንድስና ሰዎች በደሴም በኮምቦልቻም አለን፤ መለካትም ሙያችን ነው። ቆፋሪው በነፍሱ ተወራርዶ ያወጣውን ድንጋይ በትክክል መዝኖ መስጠት ከኛ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።