ከሶማሌ ተራ እስከ ጣና፦ ሐኪሙ አሜሪካ ሲላኩ



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር አምጪ» ብለውኛል። ሞክሬያለሁ፤ ግን እንደምታዩት መሐል ላይ አንድ ሐኪም ገብቶብኛል።

ያደግሁት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። አባቴ የመኪና መለዋወጫ ይነግድ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ስለምቀመጥ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚባሉትን ያወቅኋቸው ከእንግሊዝኛ ፊደል በፊት ነው። የጣልያን ቃላት መሆናቸውን፣ «መርካቶ» ራሱም ጭምር፣ የተረዳሁት ኋላ ነው። እዚያ አዋቂ ገዢ ከሻጭ ጋር አይጨቃጨቅም። ዕቃውን አገላብጦ ያስቀምጥና ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ አሥር እርምጃ ሳይራመድ ይጠራል። ዕቃው አባቴ ጋ ብቻ ከሆነ ግን አባቴ አይጠራውም። «ተዉት፣ ይመለሳል» ይላል። ይመለሳልም።

ታሪክ ማንበብ ስጀምር ይህ ነገር ፊቴ ይመጣብኝ ነበር። ከአድዋ በኋላ አፄ ምኒልክን የከበቧቸው ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ፦ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን። በ1896 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሮበርት ስኪነር የሚባል፣ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖቹ የፈለጉት በአብዛኛው ለአቡጀዲያቸው ገበያ ነው። ለምኒልክ ግን በዙሪያቸው ቅኝ ግዛት የሌለው ሌላ ሱቅ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሦስቱ ጎረቤቶች በበኩላቸው ሦስት ዓመት ቆይተው፣ ምኒልክ ሳይገኙበት፣ ስለ ኢትዮጵያ ጥቅሞቻቸው ለንደን ላይ ተስማሙ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ጣና ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የሱዳን ወሰን ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ሦስተኛው። በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ ምኒልክ ቃል ገቡ። የወሰን ውል ነው እኮ! ወሰኑ ሲታይ አንቀጹ በጎን ገባ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ሱዳን ውስጥ የገዚራ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ቸኮለች። በ1918 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ደብዳቤ ተለዋወጠች፤ ጣልያን በጣና ልትደግፋት፣ እሷም ጣልያንን በባቡር ሐዲዱ ጉዳይ ልትደግፍ። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ኢትዮጵያ አባል ከሆነች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሁለቱም «ነፃነታችሁን ለመንካት አላሰብንም» ብለው መለሱ።

ራስ ተፈሪ እዚያ ላይ አላቆሙም፤ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄዱ። በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ የላኩት ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ሕፃን ሳሉ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ ወገናቸውን ያገኙት ጎልማሳ ሆነው ነው። የእንግሊዝን ወረቀት እንደ እንግሊዝ ማንበብ የሚችል ሰው ከተፈለገ ከሳቸው የተሻለ አልነበረም። ኒው ዮርክ ላይ ከጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ። ወሬው ሲሰማ ለንደን ተንጫጫ፤ የ1894ቱ ውል ተመዘዘ። ኢትዮጵያም ከእንግሊዝ ጋር ሳትመክር ወደ ሥራ እንደማትገባ አረጋገጠች። እኔ ያን አንቀጽ ሳነበው ውኃውን አታግዱ ይላል እንጂ ሠሪው ማን ይሁን አይልም። ሐኪም ወርቅነህ የገቡት በዚያች ክፍተት ይመስለኛል። ኩባንያው በ1923 ዓ.ም. አካባቢ ጥናቱን አካሄደ። ግድቡ ግን ሳይሠራ የጣልያን ወረራ መጣ። በከንቱ ነበር የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ግን ከዚያ ወዲያ እንግሊዝ ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ጣና ስትነጋገር አሜሪካኖቹንም እያሰበች ነበር።

እንግዲህ ይህን የማወራላችሁ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ተቋም የደም ኬሚስትሪ መመርመሪያ ማሽን በእርዳታ መጣልን። ደስታችንን አትጠይቁኝ። ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ አንቀጽ፣ በጎን የገባች፣ ሪኤጀንቱና መለዋወጫው ከአንድ አቅራቢ ብቻ እንዲገዛ ትላለች። አነበብኳት፤ አለፍኳት። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ሪኤጀንቱ ቆመ። የኩላሊት ሕሙማንን ለክሬአቲኒን ምርመራ በከተማው ማዶ መላክ ጀመርን። አንዲት እናት «ለታክሲ የለኝም ልጄ፣ ይቅርብኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ማሽኑ አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። «ማሽን መቼ ሰጡሽ፤ ደንበኛ አደረጉሽ እንጂ» አለኝ። ሶማሌ ተራ አርባ ዓመት የነገደ ሰው ነው፤ ምን ይባላል?

ውሉ በመጪው ሰኔ ያበቃል። የሚታደሰው ረቂቅ ከትናንት ወዲያ ደርሶኛል፤ አንቀጿ አሁንም አለች፣ ቁጥሯ ብቻ ተቀይሯል። በዚህ ጊዜ ከሁለት ሌሎች አቅራቢዎች ዋጋ ጠይቄያለሁ። የሕግ ምሩቃን የሆናችሁ፣ ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ሦስት ኮፒ ይዣለሁ፤ እስክሪብቶም አለ።