የቡድን ስም በምን ይታደሳል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደብረ ታቦር ለጎንደርም ለባሕር ዳርም ጎረቤት ናት። ስለዚህ የጨዋታ ቀን ሲመጣ መኝታ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሳችን ለፋሲል ከነማ፥ ገሚሳችን ለባሕር ዳር ከተማ እንሰለፋለን። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ክርክሩ አንድ ሆኗል። ይኸውም፦ «የቡድኖቻችን ስም አልቋል ወይስ ይመለሳል?» የሚል ነው። እኛም ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያለንን አሳብ ልናካፍላችሁ ቆመናል።

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመልሶ በ2011 የኢትዮጵያን ዋንጫ፥ በ2013 ደግሞ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አገኘ። በ2014 መስከረም ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለቱንም እኩል ለእኩል ቢለያይም በውጭ ሜዳ ግብ ሕግ ከአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ወጣ። በዚያው ዓመት በሊጉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ2015 ሁለተኛነቱ የባሕር ዳር ከተማ ተራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው በ2016 ወደ ንግድ ባንክ፥ በ2017 ወደ መድን ሄደ።

ይህን የሚያዩ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነገሩ ሁሉ ገንዘብ ነው» ይላሉ። ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ፋሲል ዋንጫውን ባነሣበት ዓመትም የከተማ ቡድን እንጂ የባንክ ቡድን አልነበረም። ሌሎች ደግሞ «ስማችን ትልቅ ነውና መመለሳችን አይቀርም» ይላሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው ብሔራዊ ቡድናችንን በመጥቀስ ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሆኖም ከ1974ቱ ውድድር በኋላ እስከ 2005 ድረስ 31 ዓመት ከዋንጫው ደጅ ቆመን ጠበቅን። ስም ብቻውን በር የሚከፍት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልቆየን ነበር።

የተረሳ ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል። ቡድናችንን በሜዳችን ማየት ቀርቶ በቴሌቪዥን መስኮት ማየት ለመድን። ደጋፊ ከሜዳ ሲርቅ ጭብጨባው ይቀርና ወሬው ብቻ ይበዛል።

ከከተማችን አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ማሠራታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። መድፉን ማፍሰስ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን 70 ኩንታል የሚገመተውን ብረት ገደል እየናዱ፥ መንገድ እየጠረጉ መቅደላ ማድረስ በ1860 ዓ.ም. ብዙ ወራት ፈጀ። የ2013ቱ ዋንጫ እንደ ማፍሰሱ ነው። ያላደረግነው መንገድ መጥረጉን ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በጀት አንመድብም፤ ተጫዋችም አናስፈርምም። ሁለት ነገር ግን በእጃችን ነው። አንደኛው፥ ክርክራችን ከስድብ ይጽዳ። የጎንደርና የባሕር ዳር ደጋፊ በአንድ ማዕድ የሚበላ ወንድም ነው፤ በጨዋታ ምክንያት አብሮ አደግ መኝታ ሲቀያየር ማየት ያሳፍራል። ሁለተኛው፥ ለክረምት ወደ ፎገራ፥ ወደ እስቴ፥ ወደ ጋይንት ስንመለስ በየመንደራችን የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልሉትን ልጆች ሰብስበን የጨዋታውን ሕግ እናስተምራቸው፤ ሜዳቸውን ድንጋይ እንልቀምላቸው። መምህራኖቻችንም በምክር እንዲረዱን እንለምናለን። የነገው አጥቂ ዛሬ ከጉና ሥር ከብት እየጠበቀ ይሆናልና፤ እርሱን የሚያይ ዓይን ከሌለ ስማችን የሚታደስበት ሌላ መንገድ አይታየንም።