የቻይና ባሕላዊ መድኃኒትና ኬሞቴራፒ በአንድ በሽተኛ ላይ



ዛሬ የምንነጋገርበትን ጉዳይ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ ልንተወው አይገባንም። የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከካንሰር ዐይነቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተውበታል።

በቻይና አገር ብዙ በሽተኞች ሲስፕላቲንን ወይም ካርቦፕላቲንን በደም ሥራቸው እየወሰዱ፣ ከዚሁ ጋር የተቀቀለ ሥራ ሥር ይጠጣሉ። ይህንንም በስውር አያደርጉትም፤ መንግሥቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሁለቱን ሕክምናዎች የማዋሐድን መመሪያ ስለ ያዘ፣ ሆስፒታሎች ጎን ለጎን ያዝዟቸዋል።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው «የጥንት መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አይጎዳም» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ለመጀመሪያው የምንሰጠው መልስ ካምፕቶቴሲን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ የታወቀው ከአንድ የቻይና ዛፍ ነው። ከእርሱ የተሠራው ቶፖቴካን ዛሬ ለአንድ ዐይነት የሳንባ ካንሰር ይታዘዛል። ለሁለተኛው ደግሞ የብራስልስን ታሪክ እናስታውሰዋለን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ ያለበትን ክኒን የዋጡ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ አንዱ ዕፅ በሌላ መርዛም ዕፅ ተለውጦ ነበርና።

ስለ ውሕደቱስ ምን ተገኘ? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምገማ 34 ሙከራዎችንና 2,815 በሽተኞችን አሰባስቦ መረመረ። ኋንግ ቺ የተባለው ሥር ያለበትን መድኃኒት ከፕላቲነም ኬሞቴራፒ ጋር የወሰዱት፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ዓመቱን የመሻገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ታየ። ነገር ግን ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የሙከራዎቹ ጥራት ዝቅተኛ እንደ ሆነ ገልጸው፣ ውጤቱ በጥብቅ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ማን ምን እንደሚጠጣ ሐኪሙም በሽተኛውም ካወቁ፣ ተስፋ ራሱ ሚዛኑን ያዛባዋልና።

ሌላም አደጋ አለ። ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጨው ጉበት ነው። አንዳንድ ዕፅ ይህን ሥራ ያፈጥነዋል፣ አንዳንዱም ያዘገየዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚዛን የሰጠው መጠን ወይ ከሚፈለገው ያንሳል፣ ወይ መርዝ ይሆናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዕፁ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይመርመር፤ በሽተኛውም ዕፅ በመጠጣቱ አይሰደብ። የተሰደበ በሽተኛ ይደብቃል፤ ሐኪሙም በጨለማ ያክማል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ መድኃኒቱን የደበቀም ከዚህ አይሻልም እንላለን።