መኪናው ቁልፉን አላውቅም ሲል

ለንባብ ቤት አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ቁልፍ ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ቁልፉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት መኪና ነው። እህላችንን ገበያ የሚያወጣው፣ ማዳበሪያውንም የሚያመጣልን መኪና ነው። ያ መኪና አልነሣ ሲል ችግሩ የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ከልጆቻችንም መካከል ነገ ሾፌርና መካኒክ የሚሆኑ አሉ። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ድሮ የመኪና ቁልፍ ጥርስ ያለው ብረት ብቻ ነበር። ቁልፍ የሌለው ሌባ እንኳ ሽቦ ከሽቦ አገናኝቶ መኪናውን ይዞ ይሄድ ነበር። ይህን ለመከላከል ከብረቱ ሌላ የምስጢር ቁጥር የያዘ ቁልፍ ተሠራ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1991 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998) ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ። ዛሬ በአገራችን መንገድ ላይ ከምናያቸው መኪናዎችም ይህ ያላቸው ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዴት ነው? ላም ጥጃዋን በጠረኑ ትለየዋለች። የሌላ ላም ጥጃ ቢያቀርቡላት ትራገጣለች እንጂ ወተቷን አትለቅም። መኪናውም እንደዚያው ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ባቄላ የምታህል ዕቃ አለች። ቺፕ ወይም ትራንስፖንደር ይሏታል። ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ አንቴና ይባላል። ቁልፉ ሲዞር አንቴናው ለቺፗ ኃይል ይሰጣታል፤ ቺፗም ቁጥሯን ትናገራለች። የመኪናው ኮምፒውተር ቁጥሩን ካወቀው ሞተሩ እንዲነሣ ይፈቅዳል። ካላወቀው ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ይከለክላል። በአንዳንድ መኪና ሞተሪኖውም እንዳይዞር ያግዳል።

እንግዲህ መኪናው አልነሣ ሲል ምን ይደረግ? «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ወዲያው ውድ ዕቃ ማስገዛት ልክ አይደለም። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። ምርመራው ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

1. መጀመሪያ የመኪናው ትልቁ ባትሪ ይታይ። መብራቱ ከደከመ፣ ሞተሪኖውም እያቃሰተ ከዞረ ጥፋቱ የባትሪው ሊሆን ይችላል። ኃይል ሲያንስ ኮምፒውተሩም ቁልፉን በደንብ አያነብም።

2. ቀጥሎ ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለባት ትንሽ መብራት ትታይ። በብዙ መኪናዎች ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ወይም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከጠፋች መኪናው ቁልፉን አውቆታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከነዳጅ ወይም ከሌላ ቦታ ይፈለግ። ብልጭ ድርግም ካለች ወይም በርታ ከቀረች ግን አላወቀውም። ምልክቱ እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይ የመኪናውን መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

3. ቁልፉ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ታስሮ ከሆነ ይፈታና ለብቻው ይሞከር። የሌላ መኪና ቺፕ በአጠገቡ ካለ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንደሚናገር ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ አይሰማም።

4. ሁለተኛው ቁልፍ ይሞከር። ይህ ዋናው ፈተና ነው። በሁለተኛው ከተነሣ ጥፋቱ በመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ነው። ምናልባት ቺፗ ወድቃ ተሰብራለች፤ ወይም የቁልፉ ልባስ ሲቀየር ከአሮጌው ጋር ተጥላለች።

5. በሁለቱም አልነሣ ካለ ፊውዙ፣ የአንቴናው ሽቦና መሰኪያው ይመርመሩ። የላላ መሰኪያ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል። ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። ለዚህም ስሕተቱን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች እንዳይረሱ። አንደኛ፣ ቺፗ ባትሪ የላትም። በቁልፉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ በሩን ከሩቅ ለመክፈት ነች። እሷ ብታልቅ ገብቶ የሚዞር ቁልፍ ሞተሩን ከማስነሣት አይቦዝንም። ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ ብረቱ ብቻ የተቀረጸ ቁልፍ በር ይከፍታል እንጂ ሞተር አያስነሣም። ቺፕ ገብቶለት ቁጥሩ ለመኪናው መነገር አለበት።

ስለዚህ የመኪናው ባለቤት ግለሰብም ይሁን ማኅበር ሁለተኛውን ቁልፍ በደህና ቦታ ያስቀምጥ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው በእጅ ካለ አዲስ ማሠራት ይቀላል። ሁለቱም ከጠፉ ግን ወጪውም እንግልቱም ብዙ ነው፤ በሽተኛዋ ደግሞ አትጠብቅም።

በመጨረሻም ደብተርና እርሳስ ከመኪናው አይለዩ። መኪናው መቼ አልነሣ አለ? መብራቷ ምን አሳየች? የትኛው ቁልፍ ተሞከረ? ይህ ከተጻፈ መካኒኩ ከባዶ አይጀምርም። ባለቤቱም ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብ አይከፍልም። ፊደል መቁጠር የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. መኪናው በሁለተኛው ቁልፍ ቢነሣ ጥፋቱ የት ነው?
ለ. ብረቱ ብቻ የተቀረጸ ቁልፍ ሞተሩን ለምን አያስነሣም?
ሐ. በአካባቢያችሁ በሽተኛ የሚያመላልሰው መኪና ሁለተኛ ቁልፍ አለው? ማን ዘንድ ነው?